ርካሽ ማጫወቻና መቅጃ፦ እኔ የማየው መቅጃውን ነው

አንድ ትንሽ ዕቃ ሙዚቃም ያጫውታል፣ ድምፅም ይቀዳል ከተባለ፣ ሁለቱን እኩል እንደማይሠራ ከወዲሁ ማሰብ ደግ ነው። ማጫወት ቀላል ሥራ ነው፤ ርካሽ የሚባለው ቺፕ ሁሉ ዛሬ ኤምፒ3 ሳይደናቀፍ ያጫውታል። መቅዳት ግን በማይኩ፣ በማጉያውና ድምፁን ወደ ቁጥር በሚለውጠው ክፍል ላይ የሚቆም ነገር ነው፤ ዋጋ ሲቀነስ ቀድሞ የሚቆረጠውም ከእነዚሁ ነው። ዘፈን ቢበላሽ እንደገና ይጫናል። የተበላሸ ቃለ መጠይቅን ግን ተናጋሪው ተመልሶ አይደግመውም። ስለዚህ ዕቃውን የምመዝነው በመቅጃነቱ ነው፤ ማጫወቻነቱን እንደ ምርቃት እቆጥረዋለሁ።

ካርቶኑ ላይ «1536 ኪሎቢት በሰከንድ» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍ ልብ አይሙቅ። ቁጥሩ 48,000 ናሙና (የድምፅ ልኬት) በሰከንድ፣ ሲባዛ በ16 ቢት፣ ሲባዛ በ2 ቻናል ነው። የጆንያውን ስፋት ነው የሚናገረው፤ ውስጡ ጤፍ ይሁን ገለባ አይናገርም። ለማወቅ አንድ ደቂቃ ጽሑፍ ጮክ ብሎ እያነበቡ መቅዳት፣ መጨረሻ ላይ የቁልፍ ዘለላ ማንቃጨል፣ ከዚያ ፋይሉን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ ዕይታውን ወደ ስፔክትሮግራም (ቀጭኑን ድምፅ ከላይ፣ ወፍራሙን ከታች አድርጎ ወደሚያሳይ ምስል) መቀየር ነው። የቁልፍ ድምፅ ከ10 ኪሎኸርዝ በላይ ይዘልቃል። ምስሉ 4 ኪሎኸርዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ከላይ ባዶ ከሆነ፣ ዕቃው በ8,000 ናሙና ቀድቶ ፋይሉን ብቻ አስፍቶታል ማለት ነው፤ ቀረጻ የሚይዘው እስከ ናሙናው ቁጥር ግማሽ ድረስ ነውና።

ስቴሪዮነቱም እንዲሁ ይፈተሻል። ግራና ቀኙን ለይቶ አንዱን መገልበጥ (ኢንቨርት)፣ ከዚያ ሁለቱን ማደባለቅ ነው። ጸጥ ካለ፣ አንድ ማይክ ያነሳውን ድምፅ ሁለት ቦታ ጽፎታል። ለንግግር ይህ ጉዳት የለውም፤ ሜሞሪ ማባከን ብቻ ነው።

ሴቲንጉ ውስጥ ሁለት ነገር ቶሎ ማጥፋት ይሻላል። አንደኛው ድምፅ ሲሰማ ብቻ የሚቀዳው ነው፤ እስኪነቃ ድረስ የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ቃል ይበላዋል። ሁለተኛው የድምፅ መጠን በራሱ የሚያስተካክለው ነው፤ ሰው ዝም ባለ ቁጥር የክፍሉን ጉምጉምታ ከፍ ያደርገዋል፣ ሰው ሲናገር መልሶ ይደፍቀዋል፣ ጆሮ ላይ እንደ ማዕበል ይሆናል። የሚጠፋ ከሆነ አጥፍቶ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮው (ከመለኪያው ጣራ) በ12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲደርስ ማስተካከል ነው። ዝቅ ብሎ የተቀዳ ኋላ ከፍ ይላል፤ ጣራ ነክቶ የተቆረጠ ግን መድኃኒት የለውም። የማያጠፋ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ያለው መላ ወደ ተናጋሪው መቅረብ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። መቅጃውን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥም ስህተት ነው፤ የጣት ኳኳታና የብርጭቆ ድምፅ በእንጨቱ በኩል ይገባል። የታጠፈ ጨርቅ ከሥሩ ይበቃል።

ከሚክሰር በሽቦ መቅዳት የሚፈልግ፣ የማይክ ቀዳዳ ሚሊቮልት እንደሚጠብቅና ሚክሰሩ ወደ አንድ ቮልት የሚጠጋ እንደሚልክ ይወቅ። «ላይን ኢን» የሚል ምርጫ ከሌለው፣ መጠኑ መቅጃው ላይ የቱንም ያህል ቢቀነስ ድምፁ ተሰነጣጥቆ ነው የሚወጣው። መሃል ላይ ድምፁን የሚቀንስ ሽቦ ማስገባት ግድ ነው።

የፋይል መጠን ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት በሰዓት 58 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ዌቭ (ያልታመቀው የድምፅ ፋይል) በ1536 ደግሞ 691። (እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤምፒማን ኤፍ10 የተባለው ማጫወቻ ጠቅላላ ሜሞሪው 32 ሜጋባይት ነበር፤ በ128 ግማሽ ሰዓት ያህል ሙዚቃ መሆኑ ነው።) ለንግግር 128 ወይም 192 ኤምፒ3 በቂ ነው። በዌቭ ለሚቀዳ፣ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ሜሞሪ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ በ1536 ይህ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ይደርሳል። ደህናው ዕቃ አዲስ ፋይል ከፍቶ ይቀጥላል፤ መጥፎው ቀጥ ይላል።

አንድ ሌሊት የሚፈጅ ፈተና ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳያል። ባትሪውን ሞልቶ፣ ሬዲዮ አጠገቡ ከፍቶ፣ ባትሪው እስኪሞት ማስቀዳት ነው። የባትሪው ዕድሜ ይታወቃል፤ 250 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 25 ሚሊአምፒር ለሚበላ ዕቃ 10 ሰዓት ይሆናል፣ የስክሪን መብራት ሲበራ ግን ይቀንሳል። ዋናው ግን ሲሞት ፋይሉን ዘግቶ ይሞታል ወይስ እንደተከፈተ ይተወዋል የሚለው ነው። የዌቭ ርዕስ (ሄደር፣ ስለ ፋይሉ መረጃ የያዘው ክፍል) መጀመሪያው ላይ ያለ 44 ባይት ሆኖ፣ የድምፁ ርዝመት የሚጻፍበት ቀረጻው ሲያበቃ ነው። ሳይጻፍ ከቀረ ፋይሉ በመቶ ሜጋባይት ቢመዝንም ማጫወቻዎች «ባዶ ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለው ይድናል፦ በኦዳሲቲ «ኢምፖርት» ውስጥ «ሮው ዳታ» መርጦ፣ ሳይንድ 16 ቢት፣ ሊትል ኤንዲያን፣ 2 ቻናል፣ 48,000 ብሎ ማስገባት። ድምፁ ወፍሮና ተጎትቶ ከመጣ የናሙናው ቁጥር አንሷል፤ የሚንሿሿ ጩኸት ብቻ ከሆነ መነሻውን በ1 ባይት ገፋ ማድረግ ነው። መጠኑ 0 የሚል ከሆነ ግን ካርዱ ላይ ምንም ሳይጽፉ የጠፋ ፋይል ወደሚመልስ ፕሮግራም መሄድ ነው።

ሜሞሪው ራሱም ይዋሻል። 64 ጊጋ የሚል ካርድ ውስጡ 8 ቢሆን እስኪሞላ ድረስ አይታወቅም፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ወይ ይጠፋል ወይ የቀድሞውን ይደመስሳል። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ፕሮግራም ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ግን ይፍጅ።

ስለ ማጫወቻነቱ ብዙ የሚባል የለም። ዘፈኖቹ ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ፣ ዕቃው በፊደል ሳይሆን ኮፒ በተደረጉበት ተራ ስለሚያያቸው ነው፤ ፎልደሩን ባዶ አድርጎ 001፣ 002 እያሉ በተራ መጫን ያስተካክለዋል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም አራት ማዕዘን ሆኖ ከመጣ ፊደሉ ውስጡ የለም ማለት ነው፤ ፋይሉ ጤነኛ ነው።

ባትሪው ጨርሶ ሲያልቅ የብዙዎቹ ሰዓት ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፤ የፋይሉ ቀንም አብሮ ይዋሻል። ቀረጻ ሲጀመር ቀኑንና የሚናገረውን ሰው ስም በአፍ ማለት አምስት ሰከንድ አይወስድም።