የአይ ትሪፕል ኢ ሲኒየር ሜምበር ማመልከቻዬ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጥቅምት ላይ እጀምራለሁ ያልኳችሁን ማመልከቻ በመጨረሻ አስገባሁት። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ቅጹ ረጅም ሆኖ አይደለም፤ ያቆየኝ ሌላ ነው።

ለማታውቁት፣ አይ ትሪፕል ኢ የኤሌክትሪክ፣ የኤሌክትሮኒክስና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ሁለት ማኅበራት ተዋህደው መሠረቱት፤ አንደኛው ከ1884 ጀምሮ የነበረ ነው። ስልካችን ላይ ያለው ዋይፋይ የሚመራበትን 802.11 የሚባለውን ስታንዳርድ ያወጡት እነሱ ናቸው። ተራ አባል መሆን ብዙም አይከብድም። ሲኒየር ሜምበር ለመሆን ግን ይመዝኑሃል። 10 ዓመት በሙያው መቆየት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 5ቱ ጉልህ ሥራ የታየባቸው መሆን አለባቸው። ሦስት ምስክሮችም ይፈለጋሉ፤ እነሱም ራሳቸው ሲኒየር ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ። ከዓመታዊ መዋጮው ውጪ ሌላ ክፍያ የለም። መዋጮውን የእኔ የባንክ ካርድ አልከፍል ስላለኝ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ከፈለችልኝ።

መጀመሪያ ዓመቴን ስቆጥር 9 ሆነብኝ። የመጀመሪያ ዲግሪ እንደ 3 ዓመት ይያዝልሃል፤ ማስተርስ ካለህ 4፣ ዶክትሬት ካለህ 5። እኔ ያለኝ የመጀመሪያው ነው። በቃ አይሆንም ብዬ ኮምፒውተሬን ዘጋሁ። በማግስቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎቼን እንደገና ሳይ ስህተቴን አገኘሁት። ደብዳቤዎቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ እኔ ሁሉም ላይ 8 ደምሬያለሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ድረስ የሚደመረው ግን 7 ነው። አንዱን ሥራ መስከረም 2010፣ ሌላውን ጥቅምት 2014 ነው የጀመርኩት። ከሁለቱም ላይ አንድ አንድ ዓመት ራሴ ቆርጫለሁ ማለት ነው። ትክክለኛው 11 ነበር። እባካችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ይቺን አጣሩ።

ዋናው ፈተና የመጣው «ጉልህ ሥራህን ግለጽ» የሚለው ላይ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት ይኸውላችሁ፦ «በባንኩ የኔትወርክ ማሻሻያ ፕሮጀክት ላይ የቡድኑ አባል ሆኜ ተሳትፌያለሁ።» ለአንድ ሲኒየር ጓደኛዬ ላኩለት። «አንተ የቱ ጋ ነህ?» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ነገር አልጻፈም።

እውነቱን ነው። እኛ አገር «እኔ ሠራሁ» ማለት ነውር ሆኖ ነው ያደግነው። ሥራው የራሳችን ሲሆን እንኳ «ሠራን» እንላለን፤ አለቃችንን እናስቀድማለን። ቤት ውስጥ ይሄ ጨዋነት ነው፤ ደስም ይለኛል። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ግን አያውቀኝም። የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። «ተሳትፌያለሁ» ካልኩት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የወጣ ሰው ነው የሚመስለው።

አራት ጊዜ ጻፍኩት። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ቁፋሮ ፋይበር በቆረጠ ቁጥር ቅርንጫፎች ከሥራ ውጪ ይሆኑ ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ ቅርንጫፉ በራሱ ወደ ሞባይል ኔትወርክ የሚዞርበትን ዲዛይን ሠራሁ። በ6 ቅርንጫፎች ሞክሬ ወደ 42 አሰፋሁት። ድሮ ቴክኒሻን እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይወስድ የነበረው አሁን ከ1 ደቂቃ በታች ሆኗል። ገመድ ዝርጋታውንና ተከላውን የሠሩት ባልደረቦቼ ናቸው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አልጠየቀኝም። ግን እሷን ስጽፍ ነው «ሠራሁ» የሚለው ቃል የቀለለኝ። የእነሱ ድርሻ በስሙ ከተቀመጠ የእኔን መናገር ውሸትም ጉራም አይሆንም።

ምስክር ፍለጋው ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። ምስክሮቹ የግድ አዲስ አበባ መኖር የለባቸውም፤ አገር ውስጥም ውጭም ያለ ሰው ይሆናል። ዋናው ሥራህን ማወቃቸው ነው። ሁለቱን በቶሎ አገኘሁ። ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ዶክተር ናቸው። ጽሑፌን ልኬላቸው ሁለት ሳምንት ዝም አሉ። ደፍሬ ለመደወል አፈርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ራሳቸው ደወሉ። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ «ይሄን ዲዛይን የሠራው ቡድኑ ነው ወይስ አንተ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ዶክተር።»

«እሺ፣ ሁለቱ መስመሮች እኩል ቢወድቁስ?» አሉ። ወደ ሃያ ደቂቃ አወራን። እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። አንድ ቦታ ላይ «እሱን አላሰብኩበትም» አልኳቸው፤ ሐሳብ ሰጡኝና ማስታወሻዬ ላይ ያዝኩት፤ ለሚቀጥሉት ቅርንጫፎች እሞክረዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ገጹን ስከፍት ሦስቱም ምስክርነት ገብቷል። አሁን የገምጋሚዎቹን ስብሰባ እየጠበቅኩ ነው። መልሱ ሲመጣ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። በዚህ መሃል ጽሑፉን የጀመረ ካለ ይላክልኝ፤ አነብለታለሁ።