የተወጠረው መረብ

ሐይቅ እስጢፋኖስ የቆመባት መሬት ዱሮ ደሴት ነበረች፤ ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተያያዘች። በዚያ ዳርቻ በዓሣ የሚተዳደር ሰው ዓመቱን ሙሉ ዓይኑ ሁዳዴ ላይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ከደሴ የሚመጣው ገዢ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው።

በሽርክ የሚሠሩ ሁለት አጥማጆች ጾሙ ሊገባ ሲል አዲስ መረብ ገዙ። ርዝመቱ ተስቦ 100 ሜትር፣ ዓይኑ (ቀዳዳው) ተስቦ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 30 ዓይን ነው። ከሱቅ የሚመጣው መረብ ባዶውን ስለሆነ የላይና የታች ገመዱን፣ ተንሳፋፊውንና ድንጋዩን አጥማጁ ራሱ ያስራል። የሚታሰረውም አራት ዓይን እየተቆጠረ፣ በየስንዝሩ (20 ሳንቲ ሜትር ያህል) አንድ ቋጠሮ እየተጣለ ነው። 100 ሜትሩ በ10 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል 1,000 ዓይን ነው፤ 1,000 ዓይን 250 ቋጠሮ ይሆናል፤ 250 ቋጠሮ ደግሞ 50 ሜትር ገመድ ላይ ያልቃል። የቀረው ግማሽ መረብ ልልነት ሆኖ ይገባል።

ወጣቱ ይህን ብክነት አድርጎ አየው። ገንዘቡ የወጣው ለ100 ሜትር ሆኖ ሳለ ለምን 50 ይሆናል ብሎ በየስንዝር ተኩሉ አሰረና 75 ሜትር አወጣለት። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጡት 50 ተንሳፋፊዎች ግን አልተጨመሩም፤ በየሜትሩ መሆን የነበረባቸው በየሜትር ተኩል ሆኑ።

ሦስት ሌሊት ተጣለ። ጎረቤታቸው በ50 ሜትር መረብ ዘንቢል ሲሞላ፣ እነሱ በእጅ የሚቆጠር ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ጨረቃዋ ተወቀሰች። ነገሩ ከንቱ አይደለም፤ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ዓሣው መረቡን ያያል። ቀጥሎ ቦታው ተወቀሰና ወደ ጥልቁ ወሰዱት። ይህ ባሰ። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ግን የሚውለው ከዳር፣ ሣሩ አጠገብ ነው።

በአራተኛው ቀን ነባር አጥማጅ መረቡ ሣር ላይ ሲሰጣ አዩትና ጫፉን ይዘው በጡጫ መቱት።

«ይኸ መረብ ነው ወይስ ከበሮ?»

«አያ፣ አዲስ እኮ ነው።»

«አዲስነቱን አየሁት። አራቱን ዓይን በስንት አሰርከው?»

የዓይኑ ቅርጽ ነገሩን ይናገራል። በስንዝር የታሰረ ዓይን ወርዱ 5፣ ቁመቱ 8.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይቆማል። በስንዝር ተኩል የታሰረው ወርዱ 7.5፣ ቁመቱ 6.6 ይሆንና ይተኛል። ቆሮሶ ጠፍጣፋ፣ ከጀርባው እስከ ሆዱ ሰፊ ዓሣ ነው፤ የቆመ ዓይን ውስጥ ራሱን አስገብቶ በጉንጩ ይያዛል፣ የተኛውንና የተወጠረውን ገፍቶ ይመለሳል። አምባዛም ቅርፊት የሌለው ሙልጭልጭ ነው፤ የሚይዘው ሲገላበጥ የጎን እሾሁ ላይ የሚጠመጠም ልል መረብ እንጂ የተገተረ አይደለም። ከፍታውም ቀንሷል፦ 2.6 ሜትር የሚቆመው ግድግዳ 2 ሜትር ቀርቶታል። በዚያ ላይ ተንሳፋፊው ስለሳሳ የላይኛው ገመድ መሃል መሃሉ ላይ ይረግባል።

ቋጠሮው ሁሉ ተቆረጠ። አዲስ ናይለን ገመድ ሳይረጥብና ሳይሳብ ከተለካ በኋላ ስለሚዘረጋ፣ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ አድሮ በሁለት ዛፍ መካከል ተወጠረ። ላይኛው 50፣ ታችኛው 52 ሜትር ተለካ፤ ታችኛው ትንሽ ካልረዘመ ድንጋዩ መረቡን ያጣምመዋል። ቋጠሮው እንዳይንሸራተት ድርብ ሆነ፤ አንዱ ከተንሸራተተ ዓይኑ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይከመራል። ሥራው ለሁለት ሰው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ፣ ያውም የጾሙ ገበያ በሞቀበት። የተረፈው ገመድ የመልህቅ ድንጋይ ማሰሪያ ሆነ።

በአምስተኛው ሌሊት ዘንቢሉ ሞላ። ጨረቃዋ ግን እስከዚያ ጎድላ ስለነበር፣ ወጣቱ «እሷም ድርሻ አላት» ማለቱን አልተወም።