በጆሮ የሚመረመር ምሥጢር፦ የ«ገብርኤል ናይት»ን ማጀቢያ ሙዚቃ በኪቦርድ ስለማመድ ያሳለፍኋቸው ሰባት ወራት

ኪቦርድ መለማመድ ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። ባለፉት ሰባት ወራት ግን የልምምድ ጊዜዬን ሁሉ የሰጠሁት ለአንድ የቪዲዮ ጨዋታ ማጀቢያ ሙዚቃ ነው፤ ጨዋታውም ሲየራ ኦንላይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ያወጣው «ገብርኤል ናይት፦ የአባቶች ኃጢአት» ነው። እንደ እኔ መምህር ሳይኖራችሁ፣ በጆሯችሁ እየሰማችሁ ለመጫወት የምትጥሩ ካላችሁ፣ የደረስሁበትንና የተቸገርሁበትን ላካፍላችሁ ፈልጌአለሁ። የታሪኩን መጨረሻ ስለማልገልጽ ጨዋታውን ገና ያልጀመራችሁትም ያለ ሥጋት ልታነቡት ትችላላችሁ።

የጨዋታው ደራሲ ጄን ጄንሰን ናት። ታሪኩ የሚፈጸመው በኒው ኦርሊንስ ከተማ ሲሆን፣ ገብርኤል ናይት በጥንታዊው የፈረንሳዮች ሠፈር በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሰየመ የመጻሕፍት መደብር ያለው፣ ልብ ወለዶቹ ግን ብዙም ያልተሳካለት ጸሐፊ ነው። ለአዲስ መጽሐፉ መነሻ እንዲሆነው በከተማው የሚፈጸሙትን፣ «የቩዱ ግድያዎች» የተባሉትን ተከታታይ ወንጀሎች (ቩዱ ሥሩ ከምዕራብ አፍሪካ የሆነ እምነት ነው)፣ የፖሊስ መርማሪ ከሆነው ወዳጁ ከሞዝሊ እየጠየቀ መከታተል ይጀምራል፤ ረዳቱ ግሬስ ናኪሙራም መዛግብት ታገላብጥለታለች። ፍለጋው እያደር ከከተማው ወንጀል አልፎ ወደ ገዛ ቤተሰቡ የዘር ሐረግ፣ ሌሊት ሌሊት ወደሚያስጨንቀው ቅዠት ምንጭ ይወስደዋል። የአባቶች ኃጢአት በልጆች ላይ ስለ መምጣቱ በኦሪት ዘጸአት የተጻፈውን የሚያውቅ አንባቢ፣ ርእሱ ለምን እንደ ተመረጠ ብዙ ሳይጓዝ ይገባዋል። ታሪኩ በ10 ቀናት የተከፈለ ነው፤ በአንድ ቀን ሊገኝ የሚገባው ማስረጃ ሁሉ እስካልተገኘ ድረስ ቀኑ አይመሽም። ስለዚህም ተጫዋቹ ወደ መደብሩ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያው፣ ወደ አደባባዩ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥርም የየቦታውን ዜማ ደጋግሞ ይሰማል። ሙዚቃውን የደረሰው፣ የጨዋታውም ፕሮዲዩሰር የነበረው ሮበርት ሆምዝ ነው።

የመጀመሪያው ችግሬ ከጣቶቼ ሳይሆን ከኮምፒውተሬ የመጣ ነበር። ጨዋታውን አሮጌ ጨዋታዎችን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ በሚያስኬደው በስከምቪኤም ከፍቼ የመክፈቻውን ዜማ ስሰማ፣ ሰዎች ሲያደንቁት የሰማሁት ሙዚቃ ይህ መሆኑን ማመን አቃተኝ፤ ድምፁ የቀጠነና ጥርስ የሚያፋጭ ዓይነት ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ሚዲ ምን እንደሆነ መማር ነበረብኝ። በሚዲ የተጻፈ ሙዚቃ የተቀዳ ድምፅ አይደለም፤ የትኛው ኖታ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት ተመትቶ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚናገር የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ከቃላቱ በላይ በብራና ላይ የሰፈረውን የዜማ ምልክት አስቡ፤ ምልክቱ ራሱ አይዘምርም፣ የሚዘምረው ምልክቱን የሚያነበው መሪጌታ ነው፤ የአንዱ ድምፅም ከሌላው ይለያል። በ1993ም እንዲሁ ነበር። አንዱ ቤት ዘጠኝ ድምፅ ብቻ በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችል አድሊብ የተባለ የኮምፒውተር የድምፅ ካርድ ነበረ፤ ሌላው ቤት በ1987 የወጣው ኤምቲ-32 የተባለ የሮላንድ ኩባንያ የድምፅ መሣሪያ ነበረ፤ በሦስተኛው ቤት ደግሞ 128 የመሣሪያ ድምፆችን በቁጥር የደነገገውን የጄኔራል ሚዲ ሥርዓት የሚከተል መሣሪያ ነበረ። ዜማው አንድ ሆኖ ሳለ ሦስቱ ቤቶች የሰሙት ሦስት የተለያየ ሙዚቃ ነው። እኔ ሳላውቅ የአድሊቡን መርጬ ነበር። ምርጫውን ወደ ጄኔራል ሚዲ ቀይሬ፣ ጥሩ የድምፅ ስብስብ ፋይል ከጨመርሁ በኋላ የመክፈቻው ፒያኖ ሲሰማ ለጥቂት ጊዜ እጄን ከመዳፊቱ ላይ አንሥቼ ዝም ብዬ አዳመጥሁ።

ሚዲ ለተማሪ ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የተቀዳ ሙዚቃን በጆሮ ሲያወጡ ባሱ ከከበሮው፣ አጃቢው ከመሪው ጋር ተደባልቆ ያደናግራል፤ በሚዲ ግን እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ዝም ማሰኘት፣ ፍጥነቱንም ቃናው ሳይለወጥ ወደ ግማሽ ማውረድ ይቻላል። አሥራ ስድስት ቻናሎች አሉት፤ በጄኔራል ሚዲ ሥርዓት አሥረኛው ለከበሮና ለመሰል መሣሪያዎች የተለየ ነው። እኔም በየዕለቱ መጀመሪያ ሁሉንም አብሬ እሰማለሁ፣ ቀጥሎ ከባሱ በስተቀር ሁሉንም ዝም አሰኛለሁ፣ በመጨረሻም ባሱን በግራ እጄ እየተጫወትሁ የቀኝ እጁን መስመር ብቻ እከፍታለሁ። በዚህ መንገድ አንድን ዜማ ማጥናቴ መልሱን አይቶ እንደ መገልበጥ እንዳይቆጠርብኝ፣ ኖታዎቹን በስክሪን ከማየቴ በፊት ሁልጊዜ በወረቀት ላይ የራሴን ግምት አስቀድሜ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ወር ከግማሽ በላዩ ስሕተት ነበር።

የስሕተቴን ዓይነት ስመረምር ግን አንድ ያላሰብሁት ነገር አገኘሁ። ኪቦርድ የለመድሁት በአምስት ድምፅ በተሠሩት በአገራችን ቅኝቶች ነው። ትዝታ ማይነር በምንለው ቅኝት ከሰባቱ የማይነር ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው አይገኙም፤ የሆምዝ የመክፈቻ ዜማ ደግሞ ሰባቱንም ድምፆች በሚጠቀም የማይነር ሥርዓት የተሠራ ነው። በወረቀቴ ላይ የጠፉትን ኖታዎች ቆጥሬ ስመለከታቸው አብዛኞቹ አራተኛና ሰባተኛ ነበሩ። ጆሮዬ ሰምቷቸው ሳለ እጄ እንደሌሉ አድርጎ ይዘላቸው ነበር፤ ዜማው ወደ አራተኛው ሲወርድ እኔ ሦስተኛው ላይ እቆማለሁ፣ ወደ ሰባተኛው ሲወጣ ተሻግሬ ስምንተኛው ላይ እገኛለሁ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ለሦስት ሳምንታት ሌላውን ልምምድ አቁሜ በየጠዋቱ ለሃያ ደቂቃ ያህል በእነዚህ በሁለቱ ድምፆች ላይ ብቻ ሠራሁ፤ በትዝታ ጀምሬ አንድ ጊዜ አራተኛውን፣ አንድ ጊዜ ሰባተኛውን እየጨመርሁ፣ እያንዳንዳቸው የሚፈጥሩትን ስሜት በጆሮዬ ለየሁ። ሰባተኛው ድምፅ ሲገባ ዜማው የሆነ ነገር ሊናገር ጀምሮ ያልጨረሰ ያህል ይሰማኛል፤ ለምርመራ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ስሜት አይገኝም ብዬ አምናለሁ። ምቱም ሌላ ፈተና ነበር። እጄ የችክችካን ምት ስለሚወድድ በአራት የሚቆጠረውን ነገር ሳላስተውል ወደ ሦስት እያጠፍሁ እጫወተው ነበር፤ እሱን ያስተካከለልኝ ምት እየቆጠረ የሚያሰማው ሜትሮኖም ነው።

ከሁሉም አብልጬ የምወድደው የመጻሕፍት መደብሩን ዜማ ነው። ረጋ ያለ፣ ወደ ጃዝ የሚያዘነብል ሙዚቃ ሲሆን፣ ተጫዋቹ በመደብሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ሳያቋርጥ እየዞረ ይሰማል። እየዞረ የሚመለስ ሙዚቃ መድረስ ከባድ ሥራ እንደሆነ የተረዳሁት ራሴ ስጫወተው ነው። መጨረሻው ጠንክሮ ከተዘጋ፣ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ እንቅፋት ይሆናል፤ ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ አድማጩን ያሰለቻል። ሆምዝ ያደረገው የመጨረሻውን ኮርድ (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) በከፊል ክፍት መተው ነው፤ መልሱን የሚያገኘው ዙሩ እንደገና ሲጀምር ነው። ለሁለት ሳምንታት ያህል ሌላውን ትቼ ይህንን መገናኛ ብቻ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮችና የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አያይዤ ስጫወት ቆየሁ።

ከበሮው ግን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በጃክሰን አደባባይ ከሙዚቀኞቹ መካከል አንድ ከበሮ መቺ አለ። ለአላፊ አግዳሚው የሚመታው ከበሮ የከተማው ሙዚቃ አካል ነው፤ ገብርኤል ግን ምቱ «ራዳ» የተባለ የከበሮ ምልክት እንደሆነ፣ ምልክቱን የሚያውቁ ሰዎችም መልእክት እንደሚለዋወጡበት ይደርስበታል። ይህን ስሰማ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው ነጋሪት ነው። ቃሉ ራሱ «ነገረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ይህ ከበሮ በስሙ «ተናጋሪ» ነው፤ የንጉሥ አዋጅ የሚነገረውም ነጋሪት ተጎስሞ ነበር፤ የመንግሥት ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ እንኳ ስሙን የወረሰው ከእሱ ነው። በምዕራብ አፍሪካም በዮሩባዎች ዘንድ የቋንቋውን ድምፅ ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚያስመስል ከበሮ አለ። ስለዚህ ከበሮ መናገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ የሚሆነው በአደባባይ፣ በሰው ሁሉ ፊት እየተናገረ ማንም የማይሰማው መሆኑ ነው። ይህ ትዕይንት የጨዋታው እውነተኛ ልብ ነው እላለሁ። ማስረጃው አልተደበቀም፤ መስማት ብቻ ይፈልጋል።

በዚህ ቦታ ግን ቅሬታ አለኝ። ጨዋታው የከበሮውን ትርጉም የሚሰጠን ስለ ምልክቶቹ በተጻፈ መጽሐፍ አማካይነት ነው፤ መጽሐፉን በከበሮ መቺው ላይ ስንጠቀም ትርጉሙ በጽሑፍ ይወጣል። በቅዱስ ሉዊስ መካነ መቃብር፣ እ.ኤ.አ. በ1881 ያረፈችው የታዋቂዋ የቩዱ እመቤት የማሪ ላቮ ነው በሚባለው መቃብር ላይ ግን ተጫዋቹ ራሱ በምስጢር ፊደል የተጻፈ መልእክት ፊደል በፊደል እንዲጽፍ ያስገድደዋል። ለዓይን የተሰጠው ፈተና ለጆሮም ቢሰጥ ኖሮ፣ ተጫዋቹ ምቱን ቆጥሮ ከመጽሐፉ ጋር እንዲያመሳክር ቢደረግ ኖሮ፣ ከዚያ ዘመን የምርመራ ጨዋታዎች ሁሉ የላቀ ትዕይንት ይሆን ነበር።

ሌላም ቅሬታ አለኝ፤ ይህኛው ከጨዋታ ያለፈ ነው። «ራዳ» የሚለው ስም ዛሬ ቤኒን በምትባለው አገር ከሚገኘው ከአላዳ የመጣ ሲሆን፣ በሄይቲ የቩዱ እምነት ውስጥ የረጋውንና የጽሙናውን ወገን የሚያመለክት ነው፤ ኃይለኛውና ቁጡው ወገን «ፔትሮ» ይባላል። ለነፍሰ ገዳዮች ምልክት የራዳን ስም መስጠት የስሙን ትርጉም ገልብጦ መጠቀም ይመስለኛል። በኒው ኦርሊንስ እ.ኤ.አ. በ1817 የወጣ የከተማ ደንብ በባርነት የነበሩትን አፍሪካውያን የእሑድ ጭፈራ በአንድ ቦታ ብቻ ወስኖት ነበር፤ ቦታውም በኋላ ኮንጎ አደባባይ ተብሏል። እነዚያ ከበሮዎች የግዞተኞች ትዝታ ነበሩ። በእርግጥ ጄንሰን ታሪኩን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወስዳ የእምነቱን ሥር ለማሳየት ሞክራለች፣ በገበያ የሚሸጠውን ማስመሰያም ከእውነተኛው ለይታለች፤ ይህን ጥረቷን አከብራለሁ። ነገር ግን ሙዚቃውን የምንለማመድ ሰዎች ከበሮው የማን እንደነበረ ልናውቅ ይገባናል።

በዚህ ምክንያት በአምስተኛው ወር ላይ ከጨዋታው ጥቂት ወጣ ብዬ ስለ እውነተኛው የራዳ ከበሮ ማጥናት ጀመርሁ። ከበሮዎቹ ሦስት ናቸው። ትንሹ ቡላ ሳይለዋወጥ ምቱን ይጠብቃል፣ መካከለኛው ይመልስለታል፣ ትልቁ ማንማን ማለትም «እናት» ደግሞ ይመራል። የቡላውን ምት በግራ እጄ በአንድ ቁልፍ ላይ ይዤ የእናትየውን በቀኝ እጄ ለመጫወት ስሞክር መጀመሪያ ላይ ከስምንት ምት በላይ መዝለቅ አልቻልሁም ነበር፤ ዛሬ ሁለት ደቂቃ ያህል ሳልስት እዘልቃለሁ። የዚህ ልምምድ ጥቅም በመክፈቻው ዜማ ላይም ታየኝ፤ ግራ እጄ ቀኙን መጠበቅ ትቶ በራሱ መሄድ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ጨዋታው ለሃያኛ ዓመቱ በአዲስ ሥዕል ተሠርቶ ሲወጣ ሙዚቃውን እንደገና ያቀናበረው ሆምዝ ራሱ ነው። ድምፁ የሞላ፣ ለጆሮ የተመቸ ነው። ለመማር ግን የ1993ቱን እመክራለሁ፤ መስመሮቹ ጥቂትና ግልጽ ስለሆኑ እያንዳንዱ ኖታ ለምን እንደገባ ይታያል። ሥራውን ከጨረሳችሁ በኋላ አዲሱን ስትሰሙ አቀናባሪው ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደጨመረና ምን እንዳልነካ ትለያላችሁ፤ እኔ የመደብሩን ዜማ በሁለቱም እያፈራረቅሁ ስሰማ ያ ክፍት ኮርድ ያለበትን ቦታ ሁልጊዜ በጉጉት እጠብቃለሁ።

አሁን የመክፈቻውን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከዋናው ፍጥነት ትንሽ ዝግ ባለ ፍጥነት እጫወተዋለሁ፤ የመደብሩን በሙሉ ፍጥነት፣ የመካነ መቃብሩን ደግሞ ግማሹን። በሚቀጥለው ወር የምጀምረው በ1995 በወጣው በሁለተኛው ክፍል ውስጥ የሚገኘውን ኦፔራ ነው። በታሪኩ ውስጥ የጠፋ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የዋግነር ሥራ እንደሆነ የሚነገርለት ይህ በጀርመንኛ የሚዘመር ኦፔራ የሆምዝ ድርሰት ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሙዚቃው ከማስረጃነት አልፎ የምሥጢሩ መፍቻ ይሆናል። ለድምፃውያኑ አጃቢ የሆነውን ክፍል ለሁለት እጅ ማሳጠር ይኖርብኛል። ከእናንተ መካከል ለብዙ መሣሪያ የተጻፈን ሙዚቃ ለኪቦርድ ያሳጠረ ካለ፣ የመካከለኞቹን ድምፆች የትኛውን ትቶ የትኛውን እንዳስቀረ ቢነግረኝ እጅግ ደስ ይለኛል።