ደንገጎ ገደል ላይ የተገኘው ሐይቅ

ሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ እኛ የሐረር ልጆች ጀሪካን ይዘን ተሰልፈናል፤ ከተማችን ለዓመታት ስትጠጣ የኖረችው ከዚያ ነበርና። ሐይቁ በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ እንዴት እንደሸሸ በሳተላይት ምስል ለማየት የተነሣሣሁት በዚያው ቂም ይመስለኛል።

አሮጌ ላፕቶፕና ኢንተርኔት በቂ ነበሩ። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስሎች በነፃ ይገኛሉ፤ የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 30 በ30 ሜትር ትሸፍናለች። ውሃ አረንጓዴውን ብርሃን በመጠኑ ሲመልስ፣ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ግን ውጦ ያስቀረዋል። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው አካፍዬ ከዜሮ በላይ የመጣውን ሁሉ ሰማያዊ ቀባሁት። ካርታው አማረብኝ።

በድሬዳዋና በሐረር መካከል ሲመላለሱ ለኖሩ ጡረተኛ ሾፌር ጎረቤታችን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ጥቂት አዩና፣ «ልጄ፣ ደንገጎ ገደል ላይ ሐይቅ የተኛው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ሳተላይቷ በላያችን የምታልፈው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ገደል ጥላ ይለብሳል፤ እኔም ጥላውን ውሃ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። የከፍታ መረጃ ጨምሬ ተዳፋቱን ሁሉ ከስሌቱ አወጣሁት።

ከሐይቁ የምትጠጣው ሐረር ብቻ አልነበረችም፤ የጫት ማሳዎችም በሞተር ይስቡ ነበር። እነሱን ከማሽላ ለመለየት በመስከረም ምስል ስደክም ከረምኩ፤ በመስከረም አረንጓዴ ያልሆነ ምን አለ? በጥር ግን ማሽላው ታጭዶ መሬቱ ይገረጣል፣ መስኖ የሚጠጣው ጫት ብቻውን ይለመልማል። ከዚያ ወዲህ በጋን ከበጋ ጋር ብቻ ነው የማወዳድረው።

ላንድሳት 7 ደግሞ ግንቦት 1995 አንድ መሣሪያው ተበላሽቶ ምስሎቹ በጥቁር ሰንበሮች ተሸነታተሩ። ያውም ሐይቁ በሚያጣጥርበት ሰዓት! ክፍተቱን ከሌላ ወር ምስል ቆርጬ ሞላሁት። በመካከሉ ውሃው ሸሽቶ ስለነበር ዳርቻው የመጋዝ ጥርስ መሰለ። ዛሬ ቢሆን ባዶውን እተወው ነበር።

ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመልሷል። በ10 ሜትር ጥራት የሚያነሣውን ሴንቲኔል 2 የተባለውን የአውሮፓ ሳተላይት ምስል ይዤ ወደ ጎረቤታችን ተመለስኩ። ጣታቸውን ዳርቻው ላይ አሳርፈው፣ «እዚህ ጋ መኪና እናጥብ ነበር» አሉ። ነጥቧን አጉልቼ አየኋት፤ በ1998ቱ ምስል ደረቅ መሬት ነበረች፣ አሁን እንደገና ውሃ ውስጥ ናት።