ቀይ ሥር ያልፈታው የደም ማነስ

ዛሬ እህቴን ይዤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ዋልን። ብብቷ ሥር እየተመላለሰ የሚወጣው ብጉንጅ መሳይ እባጭ ለካ ስም አለው፦ ሃይድራዴናይቲስ ሰፑራቲቫ። ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ስንቷ በሀፍረት ደብቃው ትኖር ይሆን!

ሐኪሟ ግን ከብብቷ በፊት ዓይኗን ነው ያየችው። የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርጋ "ነጥቷል" አለች። ደሟ ሲመረመር ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ 9.8 ግራም በዴሲሊትር ሆነ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች የደም ማነስ ነው።

ደም ይጨምራል እየተባለ እኛ ቤት ስንት ቀይ ሥርና ምስር ተበላ! ግን ችግሩ ሌላ ነበር። እንደ እህቴ ባለ የቆዳ ሕመም ሰውነት ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ (ኢንፍላሜሽን የሚሉት) ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያበዛል። ይህ ሆርሞን አይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ፣ የተከማቸውም እንዳይወጣ ያግዳል። የተከማቸ አይረንን የሚያሳየው ፌሪቲኗ ከፍ ብሎ ደሟ ያነሰው ለዚህ ነው። ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ የጠፋ በሉት።

ስለዚህ ዋናው ሥራ የቆዳውን ቁጣ ማብረድ ነው። እውነተኛ የአይረን እጥረት አብሮ የሚመጣበት ጊዜም ስላለ፣ ክኒኑ በግምት ሳይሆን በምርመራ ይታዘዛል።

እህቴ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ድው ድው ሲልባት "ሰነፍኩ" ነበር የምትለው። አንጀቴን በላችው። መድኃኒቱን ዛሬ ማታ ትጀምራለች፤ ከወር በኋላ ደሟ እንደገና ይታያል።