ሁለቱ ዝቅተኛ ቁጥሮች

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ ነው። ናኖ ሲሊካ የሚባል እጅግ ደቃቅ ዱቄት የተቀላቀለባቸው አምስት የኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ፕላስቲክ) ናሙናዎች በመጎተቻው ማሽን ተፈተሹ። ግትርነታቸው፣ ማለትም ሲሳቡ አልለጠጥ ማለታቸው፣ ሁሉም ዱቄት ካልገባበት ባዶ ኢፖክሲ በልጧል። ሁለቱ ግን ቶሎ ተሰበሩ፤ ጥንካሬያቸው፣ ማለትም እስኪሰበሩ የቻሉት ጉልበት፣ ከባዶውም ወረደ።

ሪፖርቱን የሚጽፈው ልጅ «ጋሼ፣ ሁለቱን አውጥተን የሦስቱን አማካይ ብንወስድስ?» አለ።

«የተሰበሩት መያዣው ሥር ነው?» አሉት ቴክኒሺያኑ።

«አይ፣ መሐላቸው ላይ።»

«እንግዲያው አይወጡም። ስብራቱን አምጣው።»

ልክ ነበሩ። መያዣው ነክሶ የሰበረው ናሙና ይጣላል፤ መሐሉ ላይ የተሰበረው ግን የቁሱን ጠባይ ነው የሚናገረው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በሁለቱም ስብራት ላይ ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ነጭ ነጥብ አለ፤ ጭረቶቹም ከዚያው ተነስተው ዙሪያውን ይበተናሉ። ዱቄቱ ጓጉሏል። በደንብ ያልተማሰለ ሽሮ እንደሚሆነው ሁሉ ውጩ ርሶ ውስጡ ደረቅ ቀርቷል።

ግትርነቱ ያልወረደው የሚለካው ገና በትንሹ ሲሳብ፣ ጓጉሉ ሳይላቀቅ ስለሆነ ነው። ጥንካሬን የሚወስነው ግን ከሁሉ የከፋው አንድ ቦታ ነው። አማካይ ይህን ይሸፍናል፤ ዝቅተኛውን አውጥቶ የተሠራ አማካይ ደግሞ ፈጽሞ ያጠፋዋል።

ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም። የዚህ ዱቄት አንድ ግራም 200 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ አለው። ለ200 ግራም ኢፖክሲ የገባው 6 ግራም 1,200 ካሬ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ገጽ ውኃ ይወዳል፤ እርጥበት ሲይዝ ዱቄቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የዱቄቱ ከረጢት ደግሞ ከሐረጎ ተራራ በሚወርደው የክረምት ጉም ክፍቱን ከርሟል።

በሁለተኛው ዙር ዱቄቱ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ አደረና ተከድኖ ቀዘቀዘ። ኢፖክሲው ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ገባ። በድምፅ ሞገድ የሚያርገበግበው መሣሪያ፣ አልትራሳውንዱ፣ 5 ሰከንድ እየሠራ 5 ሰከንድ እያረፈ በተነው፤ ዕቃው በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ አለዚያ ኢፖክሲው ይግላል። ቀጥሎ አረፋው እስኪያቆም አየሩ በቫኪዩም ተሳበ። ኢፖክሲውን የሚያደርቀው ሃርድነር የገባው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ቢገባ በሙቀቱ ዕቃው ውስጥ ይደርቅ ነበር። ልኩም የተሰላው በኢፖክሲው ክብደት ብቻ ነው፤ ዱቄቱ አይቆጠርም። ሲማሰልም በዝግታ ነው፣ ከተመታ አየር ይመለሳል።

የመጀመሪያው ሪፖርት አምስቱንም ቁጥሮች ይዞ፣ የነጩ ነጥብ ፎቶ ታክሎበት ሄደ።