እማዬ ስንት ሰዓት አየር ላይ ትቆያለች?

እማዬ ሐምሌ ላይ ዋሽንግተን ያለችውን እህቴን ልትጠይቅ ተነሳች። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዋሽንግተን። ቲኬቱ የመጣ ቀን «ስንት ሰዓት ነው መንገዱ?» አለችኝ። የስኳር መርፌዋን በየ12 ሰዓቱ ነው የምትወጋው። ስለዚህ መልሱ መሳሳት የለበትም።

ቲኬቱን አየሁት። ከቦሌ መነሻ 22:30፣ በእኛ ማታ 4:30 ማለት ነው። ዋሽንግተን መድረሻ በማግስቱ 08:15። ቀነስኩና «አሥር ሰዓት እንኳ አይሞላም» አልኳት። እሷም አንዱን መርፌ እዚህ፣ ሌላውን እህቴ ቤት ልትወጋ ወሰነች።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አሜሪካ ይህን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?

በነጋታው አስተማሪ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ሉል ተዋስኩ። የስፌት ክር አዲስ አበባ ላይ በጣቴ ይዤ ዋሽንግተን ድረስ ወጠርኩት። ግድግዳ ካርታ ላይ ማስመሪያ ብናስቀምጥ መስመሩ በማሊ በኩል ያልፋል። ክሩ ግን ወደ ሰሜን ወጣ። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያና በስፔን አድርጎ አትላንቲክን ተሻገረ። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ይኸኛው ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሲሳል ነው ጎብጦ የሚታየው። በጣም ደስ አለኝ፤ ደጋግሜ ወጠርኩት።

ክሩ 27 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የሉሉ ወገብ ዙሪያው 94። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 27ን ለ94 አካፍዬ በ40,000 ሳበዛው ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር መጣ። ትልቅ ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራል። ስለዚህ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በአሥር ሰዓት የሚደርስ የመንገደኛ አውሮፕላን የለም።

ስህተቴ ያኔ ገባኝ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው። በሐምሌ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በእነሱ ክረምት ደግሞ 8። ሰባቱን ስጨምር 16 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሆነ።

ከ13ቱ ለምን በለጠ? በነዳጅ ምክንያት ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሳ፣ የላይኛውም ነፋስ ከኋላ ስለሚገፋው፣ ሳያርፍ በ13 ሰዓት አካባቢ ይገባል።

ይህ ስሌት ለአጭር በረራ አይሆንም። ከጅማ አዲስ አበባ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና 350 ይደርሳል። ለ900 ቢካፈል 17 ደቂቃ! ቲኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ፍጥነቱ ያንሳል፤ መንደርደሩ፣ መውጣቱና መውረዱም ጊዜ ይበላል። አሁን እንዲህ ላለው መንገድ በባለ ፕሮፔለሩ ፍጥነት አስልቼ ግማሽ ሰዓት እጨምራለሁ።

ትክክለኛውን ሰዓት ይዘን ሐኪሟ ጋ ሄድን። አንዱ መርፌ አየር ላይ እንዲሆን ተወሰነ። መድኃኒቱ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዋ ገባ። የእጅ ሰዓቷንም እህቴ ቤት እስክትገባ እንዳትነካው አደራ አልኳት።

እህቴ ከኤርፖርት ስትደውል የእማዬ ሰዓት ገና በጅማ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ይል ነበር። መርፌዋን በሰዓቱ ወግታለች።